ያፈረችው እንግዳ

ሩት መሞቷን የነገረችኝ ምህረት ናት። ምህረት የድሮ ተማሪዬ ናት፤ አሁን ጤፒ ነርስ ሆና ትሠራለች። የምትደውልልኝ ለበዓል ብቻ ስለሆነ ያለ በዓል ስልኬ ላይ ስሟን ሳይ ደንገጥ አልኩ።

«ቲቸር፣ ሩትን ያስታውሷታል?» አለችኝ።

«የትኛዋን ሩት?» አልኳት። የትኛዋ እንደሆነች ግን ገና ስሟን ስትጠራ አውቄያለሁ።

«ፈረንጇን። ታማ ነበር አሉ። አገሯ ነው ያረፈችው።»

«ነፍስ ይማር» ብዬ ዘጋሁት። ምህረት ብዙ እንድናወራ ፈልጋ ነበር። እኔ ግን ስለ ሩት ከማንም ጋር አውርቼ አላውቅም፤ በዚያ ቀንም መጀመር አልፈለግሁም።

ብዙም ሳይቆይ ከተማው ሁሉ ሰማ። ድሮ አብረን ያስተማርንበት፣ እዚህ ሚዛን ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመታሰቢያ ፕሮግራም አዘጋጀና እኔም ተጠራሁ። ፎቶዋን አስፍተው አሳትመው፣ ዙሪያውን አበባ አድርገውበት ጠረጴዛ ላይ አቁመውታል። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ ማይኩን ይዞ «ለልጆቻችን እናት ነበረች» አለ። እናት! ስትመጣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። «ከመጣችበት ቀን እስከ ሄደችበት ቀን ፈገግታ ከፊቷ ጠፍቶ አያውቅም» አለ። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «እትዬ ጥሩነሽ አብራት ሠርታለች፤ ሁለት ቃል ትበለን» ሲል ጉሮሮዬን አሞኛል አልኩ። ጉሮሮዬን ምንም አላመመኝም። በዚያ አዳራሽ ከተነገረው ውስጥ እውነቱ ስሟ ብቻ ነበር፤ እሱ ላይ ምን ልጨምርበት?

አንገቴን ደፍቼ እንደተቀመጥኩ ከኋላዬ አንዷ ለጓደኛዋ «ያባረረቻት እሷ አይደለች እንዴ? በምን አፏ ትናገር!» ስትል ሰማኋት።

በሚዛን እነዚህን ሁሉ ዓመታት የተሸከምኩት ይህንን ነው። ፈረንጇን በቅናት ያባረረች መምህርት። ለልጆቹ ሊመጣ የነበረውን መጽሐፍ ያስቀረች ሴት። ፊት ለፊት የጠየቀኝ የለም፤ ከኋላዬ ግን የማያውቅ የለም። እኔም መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ለሚጠይቀኝ እንጂ ለሚያማኝ መልስ የለኝም። አሁን ግን የሆነውን የምታውቀው ሌላዋ ሰው ስለሞተችና ዳይሬክተሩ የሷን ነገር እንደፈለገ ማውራት ስለጀመረ እጽፈዋለሁ።

ሩት የመጣችው ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ከመጀመሯ በፊት፣ መሃል ላይ ያለችውን ጊዜ ለበጎ ነገር ላውላት ብላ ነው። እነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ልማድ አለ። እኛ ዘንድ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ ያችን ጊዜ የሚያሳልፋት የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ነው። አገሯ አየርላንድ ነበር። የተማረችው ስለ ባሕር ዓሣ ነው። ባሕር ወደሌለበት አገር፣ የማስተማር ሙያ ሳትማር እንግሊዝኛ ልታስተምር፣ ለአንድ መንፈቅ ዓመት መጣች። ይህን ስጽፍ እየቀለድኩ አይደለም። የላካት ድርጅት ያለው ይህንኑ ነው፤ ዳይሬክተሩም ያነበበልን ይህንኑ ነው። ማንም ምንም አላለም።

ዝናብ እየዘነበ ነው የደረሰችው። ሚዛን ውስጥ ዝናብ እየዘነበ መድረስ ወሬ አይደለም፤ ከጀርባዋ የሚበልጥ ሻንጣ አዝላ፣ ጫማዋ ጭቃ ጠጥቶ ስትመጣ ግን ተማሪው ሁሉ በመስኮት ተንጠለጠለ። ስሟ ሩት ሲባልማ እልል አሉ። የኛ ስም ነዋ! በማግስቱ የሐበሻ ቀሚስ አለበሷት። ቀሚሱ አጠራት፤ እንደ ቲማቲም ቀላች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ በድብቅ የሚጠሯት «ቲማቲም» እያሉ ነው። በትንሹም በትልቁም ትቀላ ነበር፤ መጀመሪያ አንገቷ፣ ከዚያ ጆሮዋ። መጀመሪያ የያዘችው የአማርኛ ቃልም «ይቅርታ» ነው። በር ስትገፋ ይቅርታ፣ ጠመኔ ስትጥል ይቅርታ። የመንገድ ላይ ፍየል ሳትቀር ይቅርታ ስትላት በዓይኔ አይቻለሁ።

በዚያ ሰሞን ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራኝ።

«እትዬ ጥሩ፣ ዘንድሮ ትንሽ ታርፊያለሽ» አለኝ። «እትዬ» የሚለኝ የሆነ ነገር ሊወስድብኝ ሲል ነው። ሲቆጣ «መምህርት ጥሩነሽ» ነኝ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ኧረ ምንም! አሥረኛ ለ ክፍልን ሩት ትያዘው ብለን ነው። አንቺ ከኋላ ትቀመጪና የማስተማር ስልቷን ትወስጃለሽ። ስልጠና በይው። ሰው ለስልጠና አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል፤ ላንቺ እዚሁ ድረስ መጣልሽ።»

«ልጆቹ እኮ ዘንድሮ ፈተና አለባቸው።»

«ለዚያም ነዋ! ቋንቋው የራሷ ነው። ከባለቤቱ ሌላ ማን ያስተምረዋል?»

በዚያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበረ። ያላለፈ መሰናዶ አይገባም። አሥረኛ ለ ውስጥ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ የከተማ ልጆች አይደሉም። ከሸኮ፣ ከበበቃ አካባቢ፣ ከየገጠሩ መጥተው ሦስትና አራት ሆነው ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ሄደው የሳምንት ቆጯቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ምህረትም እንደዚያው ነበረች። ከወደቀች አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ እዚያ የሚጠብቃትም የተዘጋጀ ባል ነበር። ዳይሬክተሩ ይህን አያውቅም አይባልም። የሩት ድርጅት ግን ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እልካለሁ ብሏል፤ ከመላኩም በፊት ሰዎች መጥተው ሥራዋን ያያሉ ተብሏል። ስለዚህ ለእንግዳዋ ፈተና ያለበት ክፍል፣ ትልቁ ክፍል ተሰጣት። እኔም ብዙ ዓመት ቆሜ ባስተማርኩበት ክፍል የመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። ዴስኩ ለልጅ የተሠራ ነው፤ ጉልበቴ አይገባም። አጠገቤ የነበረው ልጅ ቦታ ሊሰፋልኝ ብሎ ደብተሩን ጭኑ ላይ አደረገ። ያ ልጅ እንደዚያ ባያደርግ ደስ ባለኝ ነበር።

ዳይሬክተሩ አንድ ነገር ደግሞ ጨመረ። ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ፣ ሩት ገና መምህራን ክፍል ውስጥ ሳለች፣ ተማሪውን ሰብስቦ «እንግዳችንን እንዳታሳፍሩ!» አለ። «ገባችሁ ወይ ካለች መልሱ ‹የስ ቲቸር› ነው። አልገባኝም የሚል ካለ ከኔ ጋር ይገናኛል።»

እውነቱን ለመናገር ማስፈራራቱ አያስፈልግም ነበር። የኛ ሰው እንግዳ የሠራውን ወጥ ጨው አንሶታል አይልም። ልጆቹ ከየቤታቸው ያንን ይዘው ነው የመጡት። ከአየርላንድ ድረስ ለነሱ ብላ የመጣችን ልጅ አልገባንም ማለት ነውር ነው፤ የልፋቷን ዋጋ ማጣጣል ነው። ስለዚህ ሩት አንድ ምንባብ ታነባለች፣ በፍጥነት ታብራራለች፣ እጇን ታወናጭፋለች፣ ከዚያ «ገባችሁ?» ትላለች። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የስ ቲቸር!» ይላል። እሷ በደስታ ትቀላለች። ቀጣዩ ምዕራፍ ይገለጣል።

«እነዚህ ልጆች በጣም ጎበዞች ናቸው» ትለኝ ነበር በእንግሊዝኛ፣ ከክፍል ስንወጣ። «ባንቺ ጥረት ነው።»

«ናቸው» እላታለሁ።

ከሁሉ የባሰው ዝናቡ ነበር። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ሲጀምር ከፊት ያለው ሰው የሚለውን ሁለተኛው ረድፍ አይሰማም። እዚህ የኖረ መምህር ያኔ አፉን ይዘጋና ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ልጁም ይገለብጣል፤ ሲያባራ ወደ ንግግር ይመለሳል። ሩት ግን ዝናብ ሲመጣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትቀጥላለች። አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ልጆቹ ዓይን ዓይኗን እያዩ በትሕትና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድም ቃል አይሰሙም።

ፍርድ አላጓድልም። የምትችለው ነገር ነበራት። አፋቸውን በእንግሊዝኛ ከፍተው የማያውቁ ልጆችን ታስከፍታለች። ኳስ ትወረውርና የያዘው ይናገራል፤ ሲሳሳት አብራ ትስቃለች፣ ራሷም አማርኛ ስትሞክር ተሳስታ ታስቃለች። ከመጨረሻው ረድፍ ሆኜ ሳይ እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት ያላስተነፈስኳቸው ልጆች ኳሱን ለመያዝ ሲሻሙ አይቻለሁ። ይህንን ማየት አልወደድኩትም። አይቻለሁ ግን።

ቤቴ የመጣችው መጀመሪያ ምህረት ናት። ቅዳሜ ነበር፤ ወደ ቤተሰቧ፣ ወደ ሸኮ አልሄደችም።

«ቲቸር፣ የዚህ ሳምንቱን ሊያስረዱኝ?»

«ሩት አስተማረቻችሁ አይደል?»

«አስተማረችን።»

«ታዲያ?»

መሬት መሬት አየች። «ጎበዝ ናት፣ ቲቸር» አለች። «ግን አልያዝነውም።»

አስገባኋት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጓደኞቿን ይዛ መጣች፤ ከዚያ በኋላ ሳሎኔ ውስጥ መቀመጫ ጠፍቶ ጀሪካን ገልብጠው የሚቀመጡ ነበሩ። ሩት በሳምንቱ ያስተማረችውን ቅዳሜ እኔ እንደገና አስተምራለሁ። «ለማንም እንዳትናገሩ» አልኳቸው። ለምን ለሩት አልነገርሽም የሚለኝ ይኖራል። ብነግራት ቅናት ነበር የሚባለው። ዝም ብዬም ቅናት ተባለ። ሌላም ምክንያት ነበራት የሚል ካለ ይበል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልክ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ሩት አናናስ ይዛ መጣች። ጠይቄያት አላውቅም፣ ጠርቻት አላውቅም፤ እሷ ግን ሰው ቤት ባዶ እጅ እንደማይኬድ ከሆነ ቦታ ሰምታለች። በረንዳው ላይ ጭቃ የነካው ጫማ ተደርድሯል። ለቅሶ ያለ መስሏት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የገባችው። ስትገባ ያገኘችው የራሷን ተማሪዎች፣ ግድግዳው ላይ በለጠፍኩት ወረቀት የተጻፈውንም የራሷን ምንባብ ነው።

ልጆቹ ብድግ አሉ። እሷ ቆማ ወረቀቱን አየች፣ እነሱን አየች፣ እኔን አየች።

«ይሄ የረቡዕ ትምህርት ነው» አለች። ከዚያ በአማርኛ «ረቡዕ አልገባችሁም?»

«የስ ቲቸር!» አሉ ሁሉም።

እኔ ራሴ ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ሩት አልሳቀችም። አንድ በአንድ እያየች እንደገና ጠየቀቻቸው። «አልገባችሁም ነበር?»

ምህረት ወደኔ አየች። ምንም ምልክት አልሰጠኋትም።

«አልገባንም፣ ቲቸር» አለች ምህረት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።» ቀጥላም በችኮላ «ግን እንወድሻለን» አለቻት።

ሰው ሲያፍር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የሚያፍር ሰው ይቆጣል፣ ወይ ይስቃል፣ ወይ ሌላ ሰው ላይ ያላክካል። ሩት ከነዚህ አንዱንም አላደረገችም። አንገቷ ቀላ፣ ጆሮዋ ቀላ፣ ከዚያ ቅላቱ ሁሉ ከፊቷ ሄደና ነጣች። ቀስ ብላ ከልጆቹ መሃል ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አናናሱ እጇ ላይ ነበር። «ቀጥዪ እባክሽ» አለችኝ። ቀጠልኩ። እስኪያልቅ ድረስ ቁጭ ብላ ሰማች፤ ማስታወሻ አልያዘችም፣ አልተነሳችም። ከልጆቹ ጋር ወጥታ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ ቢሮ ሁለታችንንም ጠራን። እሷ ነበረች ቀድማ የሄደችለት። ክፍሉን ለጥሩነሽ መልስ፣ እኔ ረዳት ልሁን ብላዋለች።

«ትሑት ናት!» አለኝ እየሳቀ፣ እሷን በእጁ እያሳየ። «ያሳደጋት ይባረክ!» ከዚያ ወደሷ ዞሮ በዝግታ «የድርጅትሽ ሰዎች በሚመጣው ሳምንት ይመጣሉ። እነሱ ይዩ፣ ይሂዱ። ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ» አላት።

«ምን ያያሉ?» አለች።

«ስታስተምሪ ያያሉ።»

«አላስተምርም እኮ።»

ሳቁ ቆመ። ከቢሮው ስንወጣ እኔን ወደኋላ ጠራኝ። «መምህርት ጥሩነሽ፣ ይህን ነገር እሷ ጭንቅላት ውስጥ የከተትሽው አንቺ ነሽ። አንቺው አውጪው። መጽሐፉ ከቀረ ከተማው ፊት የምቆመው እኔ አይደለሁም፣ አንቺ ነሽ።» ይሄንን ቃሉን ጠብቋል።

በዚያን ቀን ከትምህርት በኋላ ሩትን ለብቻዋ አገኘኋት። ሰሌዳ እየጠረገች ነበር።

«አንድ ክፍለ ጊዜ ነው» አልኳት። «ቁሚ፣ አስተምሪ፣ ‹የስ› ይሉሻል፣ ሰዎቹ ይሄዳሉ፤ ክፍሌ ይመለስልኛል። ልጆቹ ፈተና አለባቸው። ጊዜ የለንም።»

«ቅዳሜ ሁሉ እኔ ያበላሸሁትን ስታስተካክዪ ነበር?»

«አዎ።»

«ከኋላ ተቀምጠሽ ታይኝ ነበር?»

«አዎ።»

«አታፍሪም?» አለችኝ። ለስድብ አልነበረም። ዓይኗን ትክ አድርጋ፣ በእውነት ልታውቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ።

«የማፍርበት ዕድሜ አልፎኛል» አልኳት። ያልኳት ይህንን ነው። ቤቴ ገብቼ ግን ራት አልበላሁም።

ሰዎቹ የመጡ ዕለት ክፍሉ ታጥቦ ነበር። እንግዶቹ፣ ሁለት ፈረንጆችና አንድ የኛ ሰው፣ በመስኮቱ በኩል በተደረደሩ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ ክራቫት አስሯል። እኔ ከመጨረሻው ዴስክ ነኝ። ሩት ምንባቡን አነበበች፣ አብራራች። ከላይ ዝናቡ መውረድ ጀመረ፤ መጀመሪያ ሳሳ ብሎ፣ ከዚያ በአንዴ። ድምፅዋ ተዋጠ። ልጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈረንጆቹም ነቀነቁ። ዝናቡ ሲቀንስላት «ገባችሁ?» አለች።

«የስ ቲቸር!»

ጠመኔውን አስቀመጠች። «አልገባቸውም» አለች፣ በአማርኛ፣ ለክፍሉ ሁሉ። «ጨዋ ስለሆኑ ነው። እኔ አስተማሪ አይደለሁም። እኔ የተማርኩት ዓሣ ነው።» አንዳንዱ ልጅ በዓሣው ሳቀ። «መጥቼ የአስተማሪያችሁን ቦታ ወሰድኩ። አፍሬያለሁ።» ይህንኑ ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ ደገመችላቸው። ከዚያ በዴስኮቹ መሃል አልፋ እኔ ወደተቀመጥኩበት መጣችና እስክነሳላት ቆመች።

ስለዚያች ቅጽበት ሰው እንደ ድል ቢያወራው ደስ ይለዋል። ምህረት ዛሬም እንደዚያ ነው የምታወራው። እኔ ግን መሬቱ ቢከፈት እመርጥ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከኋላ መቀመጤን የሚያውቀው የኛ ሰው ነበር፤ አሁን እንግዳ ሁሉ አወቀው። ዳይሬክተሩ በዓይኑ «ተቀመጪ» አለኝ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው ያዩኛል። የምህረት ፊት ይታየኛል። ብቀመጥ ነገሩ በቀልድ ይታለፋል፣ መጽሐፉም ይመጣል፣ ሩትም እስክትሄድ እዚያው ፊት ለፊት ትቆማለች። ፈተናው ደግሞ እየደረሰ ነው።

ተነሳሁ። ጉልበቴ ከዴስኩ አልወጣ ብሎ ጠረጴዛው ተንቋቋ። ሄጄ ጠመኔውን አነሳሁ፤ ዝናቡም ተመልሶ በረታ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ልጆቹ ደብተር አወጡ። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ዞሬ ክራቫቱን አላየሁም።

ሰዎቹ እጃችንን ጨብጠው፣ አመስግነው ሄዱ። መጽሐፉ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ማሻ ሄደ ተባለ። ድርጅቱ ሩትን ወደ አዲስ አበባ ጠራት፤ እስከዚያ ድረስ ግን ጥቂት ቀን ቀራት። በነዚያ ቀናት እሷ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጠች፤ ለሷም ጠበባት። እኔ አስተማርኩ። መጨረሻ ላይ ኳሷን ይዛ እንድትነሳ ፈቀድኩላት፤ ልጆቹ ያኔ የተማሩትን ይናገሩበታል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ክፍል አላስተማርኩም። ዳይሬክተሩ ከመጀመሪያው ተባብራችሁ ሥሩ ቢለን ኖሮ እንዲህ እንሆን ነበር ብዬ አስቤ አውቃለሁ። አላለንም። እኛም አልጠየቅንም።

ፈተናው መጣ። ምህረት አለፈች። ሁሉም አላለፉም፤ ውጤታችን ከሌላው ክፍል ብዙም አይለይም ነበር። መጽሐፉ ሲቀር ግን ጥፋተኛ ተፈለገ። ዛሬ በመታሰቢያዋ ፈረንጇን እናት ያላት ዳይሬክተር ያኔ በየሻይ ቤቱ «በቅናት ያስባረረቻት እሷ ናት» እያለ ተናገረ፤ ከተማውም ወሰደው። ራሷ በአደባባይ አፍሬያለሁ ያለችውን ማንም አላነሳም። ማፈር እንዳልነበረ ተደረገ። ከዳይሬክተሩ እስከ ዞኑ፣ ከዞኑ እስከ ድርጅቷ፣ ሙያው የሌላትን ልጅ ፈተና ያለበት ክፍል ፊት ያቆማት ሰው ብዙ ነበር። ያፈረችው ግን እሷ ብቻ ነበረች፤ ከሁሉም ትንሿ።

ልትሄድ ሲሆን ማለዳ ቤቴ መጣች። ሻንጣዋን በረንዳው ላይ አስቀመጠች። ባጃጁ መንገዱ ዳር ይጠብቃታል። ተቀመጪ አልኳት፤ አልተቀመጠችም።

«ተቆጥተሽብኛል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ክፍልሽን ስለወሰድኩ ነው ወይስ በሰው ፊት ስላስነሳሁሽ?»

«በሁለቱም።»

ራሷን ነቀነቀች። አልተከራከረችም። ለአንቺ ብዬ ነው አላለችም፤ ብትል ኖሮ ከዚያ ወዲያ አላስባትም ነበር።

«ይቅርታ» አለች። ያ ለበርና ለፍየል የምትለው ይቅርታ አልነበረም።

የኛ ሰው ለዚህ አንድ መልስ አለው። «ኧረ ምንም አይደል» ይባላል። ልጅ ናት፣ እንግዳ ናት፣ መንገደኛ ናት። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ምንም አይደል አልነበረም። እነዚያ ልጆች ስንት ወር ሙሉ «የስ» ብለዋታል፤ እኔም ልጨምርበት? ዝም አልኳት። ቆማ ጠበቀች፤ መልስ እንደሌለ ሲገባት ሻንጣዋን አነሳች። አልከፋትም። እንዲያውም ትከሻዋ ቀለል ያለ መሰለኝ።

ወጣች። እኔም እበሩ ላይ ቀረሁ። ሰው እንግዳውን ቢያንስ እስከ መንገዱ ይሸኛል፤ የማይወደውንም ቢሆን። ሻንጣዋ ከብዷት ጭቃው ውስጥ እየተንገዳገደች ስትሄድ፣ ባለባጃጁ ወርዶ እስኪቀበላት ድረስ፣ እዚያው ቆሜ አየኋት። ስላልሸኘኋት እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ምንም አይደል ስላላልኳት ግን አላፍርም።